ስሙ ቀድሞት የሚገባው ልጅ

ባለፈው ዓርብ ከሥራ ስወጣ እግሬን አሞኝ ፒያሳ፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ካሉት አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ላይ ዘፍ አልኩ። ከጎኔ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ስልኳን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘች ትነጫነጫለች። «ይሄን ሁሉ ስም ይደረድርልኛል፣ አንዱም አያስገባኝም!» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለስልኳ እንጃ። ወሬኛ ስለሆንኩ አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁላት። የዋይፋይ ስሞች ናቸው። የካፌው፣ የሆቴሉ፣ የፋርማሲው፣ የማይታወቅ ሰው ስልክ፤ አንዱማ ራሱን «አትልፋ» ብሎ ሰይሟል። እኔና እሷ የተቀመጥንበት አየር ውስጥ ያ ሁሉ ስም ተጨናንቆ ቆሟል ማለት ነው። ድንገት ቀና አልኩ። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን መታጠፊያ በዓይኔ ለካሁ። ሰፈራችንን አፍርሰው፣ መሬቱን ደልድለው ድንጋይ ስላነጠፉበት እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ በእኔ ግምት ግን አግዳሚ ወንበሩ የተተከለው የጎረቤታችን የእትዬ ስንዱ መስኮት የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

«ምነው?» አለችኝ ልጅቷ።

«ምንም። እኔ ባንቺ ዕድሜ ሳለሁ እዚህ አየር ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር።»

«የየትኛው ካፌ?»

«የካፌ አይደለም። የሰው።»

እንደ እብድ አየችኝና ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። አልፈረድኩባትም።

ሠላሳዎቹን ገና ሳላጋምስ ስለ ድሮ ሳወራ የሥራ ባልደረቦቼ ሙድ ይይዙብኛል። «ትዝታ እኮ ጥርስ ሲያልቅ ነው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሰው የሚያረጀው በዕድሜው ብቻ አይደለም ባይ ነኝ። የተወለድኩበት ቤት፣ ፊደል የቆጠርኩበት ደጅ፣ የመጀመሪያ ጥፊዬን የቀመስኩበት ጥግ፣ ሁሉም ከእኔ ቀድመው ሄደዋል። ሰፈሩን የቀበረ ሰው ሽማግሌ ነው፤ በቃ። ከሁለተኛ ደረጃ አላለፍኩም። ስድስት ኪሎን የማውቀው ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት ስሄድ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንዳየሁት እጽፈዋለሁ፤ የተማረ ሰው ካነበበው ይታገሰኝ፣ ካልቻለም ይተወው።

ያን ጊዜ ማኪያቶ በሁለት ብር ይጠጣል፤ ያውም ከነአሽሙሩ፣ አስተናጋጁ «አራዳ ነሽ እንዴ ብቻሽን የምትጠጪው?» እያለ። ወንዶቹ ሁለት ሰው የሚያስገባ ጂንስ ለብሰው ፀጉራቸውን በጄል ጃርት አስመስለው ይዞራሉ። የእኛ ሱሪ ከወገብ ዝቅ ያለ ስለነበር እናቶቻችን ባዩን ቁጥር ያማትባሉ። የካሴት ቤቶቹ ቁም ሣጥን የሚያክል ስፒከር በር ላይ ያቆማሉ። አንድ ቦታ ነበረች፣ ከወርቅ ቤቶቹ በታች፣ ሁለት ካሴት ቤቶች ፊት ለፊት የተፋጠጡባት። መንገዱ መሃል ላይ ስትቆሙ የወዲያኛውና የወዲህኛው ዘፈን ይጋጩና ማንም ያልዘፈነው ሦስተኛ ዘፈን ይሰማችኋል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያች ቦታ ላይ እቆም ነበር። ታክሲ ይጮኽብኛል፣ ረዳቱ ይሰድበኛል፣ እኔ ግን ያንን ዘፋኝ የሌለውን ዘፈን እሰማለሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ለኋላው ነገር ጆሮዬን ያሠለጠንኩት እዚያ ይመስለኛል።

ግቢያችን ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ነበር። ግድግዳ የተጋሩ የቀበሌ ቤቶች፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ሁላችንም የምንጣላበት አንድ ሽንት ቤት። እኔና እናቴ ከበሩ ገባ እንዳሉ፣ እትዬ ስንዱ ከልጃቸው ከኤርሚያስ ጋር ከእኛ ቀጥሎ፣ ከግቢው ውጪ ቅያሱ አፍ ላይ ደግሞ የወሎው ልብስ ሰፊ ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድ ከሲንጀራቸው ቀና ሳይሉ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ያውቁ ነበር። እኔን «ቃሪያ» ብለው ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው፤ አፌ ያቃጥላል ብለው።

ኤርሚያስ ፎቶ ቤት በረንዳ ላይ በመስታወት ሣጥን ሞባይል ይጠግናል። ሞባይል ገና የሰው ሁሉ አልነበረም። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ከዱባይ ያመጣቸው፣ መስታወታቸው የተሰነጠቀ ሁለት የእጅ ኮምፒዩተሮች እጁ ገቡ። ለምን እንደሚያገለግሉ ፒያሳ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። መዳፍ የሚያክሉ፣ ከማብሪያ ማጥፊያቸው በቀር ቁልፍ የሌላቸው ናቸው። ስክሪናቸውን የሚነኩት እንደ ጥርስ መጎርጎሪያ በቀጠነ ዘንግ ሲሆን፣ ቡናማ የቆዳ ልባስ ስለነበራቸው እትዬ ስንዱ ገና ሲያዩአቸው «ዳዊት ገዛህልኝ?» አሉት። ከዚያ በኋላ ግቢው ሁሉ እያንዳንዷን «ዳዊቷ» ብሎ ጠራት።

ኤርሚያስ ዳዊቷ የምትችለውን አንድ በአንድ አሳየን። መጀመሪያ ኢንፍራሬድ የሚሉት ነበር። ሁለቱን ማሽኖች እንደሚዋጉ በጎች ግንባር ለግንባር ታጋጥማቸዋለህ፤ አንድ ስም ወይም ስልክ ቁጥር ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል፤ በመሃል እጅህን ካስገባህ ይቋረጣል። ቀጥሎ ብሉቱዝ፤ እሱ ግንባር አይፈልግም፣ ኪስ ውስጥ ሆኖም ዘፈን ያሳልፋል። ሦስተኛው ዋይፋይ ነበር። ይሄኛው ከተማችን ውስጥ ምንም ሥራ አልነበረውም። ከፍተህ «ፈልግ» ስትለው ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ከዚያ ባዶ ስክሪን ያሳይሃል። ኤርሚያስ ዳዊቷን ይዞ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሩ ዞሮ አንድም ስም ሳያገኝ ተመለሰ።

«አየሩ ባዶ ነው» አለኝ። «አስቢው ቃሪያ፤ ይሄ ሁሉ ሰው እየተጯጯኸ አየሩ ባዶ!»

«ታዲያ ምን ይሁን፣ አየር ነው አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ፋራ!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ለባዶው አየር መላ አገኘለት። ዳዊቶቹ በዚያው በዋይፋይ፣ መሃላቸው ሌላ መሣሪያ ሳይኖር፣ እርስ በርስ መጠራራት ይችላሉ። አንደኛዋን ኪሱ ከተታትና ስሙን እንድትጣራ አደረጋት፤ ሁለተኛዋን እናቱ መስኮት ላይ አስቀመጠ። ማታ ከሥራ ሲመለስ የጋሽ ሰይድን በር እንዳለፈ የእናቱ ስክሪን ላይ ስሙ ብቅ ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ ትናንሽ ዘንጎች አሉ፣ በቀረበ ቁጥር የሚበዙ። እትዬ ስንዱ የፈረንጅ ፊደል አያውቁም። የዚያችን ቃል መልክ ግን እንደ ልጃቸው ፊት ለዩት። ስሙ ብቅ ሲል ወጡን ያሞቃሉ፤ ዘንጎቹ ሲሞሉ ሣህኑን ያቀርባሉ፤ በሩ ሲንኳኳ እጅ ማስታጠቢያውን ይዘው ይቆማሉ።

«የሌላው ሰው ውቃቢው ይቀድመዋል፤ የኔ ልጅ ስሙ ይቀድመዋል» ይሉ ነበር፣ ሊደብቁት በማይችሉት ኩራት።

እናቴ ነገሩ አልጣማትም። «ስም ከባለቤቱ ተለይቶ ሲሄድ ደግ አይደለም» ትል ነበር፤ ግን ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ።

ኤርሚያስ ለምን በበረሃ በኩል እንደተሰደደ አልጽፍም። ያን ጊዜ ወጣት የሚሄድበት ምክንያት ብዙ፣ የሚቀርበት ጥቂት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ተቀምጦ የእናቱን ዳዊት በዘንጓ ሲጎረጉር አገኘሁት። ቶሎ የማይጨርስ ነገር ይመስል ነበር፤ ምላሱን በጥርሱ ይዟል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እማዬ እንዳትሰለች እያስተካከልኩላት ነው።»

«ኮምፒዩተር ሰው ያሰለቻል እንዴ?»

«ባዶ ስክሪን ያሰለቻል» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ላሽ በይ አሁን።»

በማግስቱ የራሱን ዳዊት ኪሱ ከቶ ሄደ። እናቱን ስሞ፣ ጋሽ ሰይድን በእጁ ጨብጦ፣ እኔን ጭንቅላቴን ኮርኩሞኝ። ለጥቂት ጊዜ ደወለ። ከዚያ ዝም አለ።

ዝምታው በገባ ሰሞን፣ እትዬ ስንዱ እሱ ከሄደ ወዲህ ዘግተዋት የነበረችውን ዳዊት መጀመሪያ በከፈቱበት ቀን፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ከግድግዳው ማዶ የሣህን መንኳኳት ሰማን። ቀጥሎ እትዬ ስንዱ «መጣ! ልጄ መጣ!» እያሉ ጮኹ። ግቢው ግልብጥ ብሎ ወጣ። እናቴ በአንድ እግር ጫማ፣ እኔ ደብተሬን እንደያዝኩ። ቅያሱ ላይ ማንም የለም። ጋሽ ሰይድ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከበራቸው ብቅ አሉ።

«ማን አለፈ?» አለቻቸው እናቴ።

«ማንም አላለፈም። ከአሱር ሶላት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

ተመልሰን ገባን። ወጡ ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ዳዊቷ መስኮቱ ላይ ናት፤ ስሙ በርቷል፤ ዘንጎቹ ሙሉ ናቸው። ሙሉ። እሱ እዚህ ሳለ በሩን ሲያንኳኳ ብቻ ነበር እንዲያ የሚሞሉት። ጋሽ ሰይድ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከቁርአን የሆነ ነገር ቀሩ። እትዬ ስንዱ በሩ ላይ ቆሙና ወደ ጨለመው ቅያስ አንገታቸውን አውጥተው፣ ጠሪ እንዳለ ሁሉ፣ «አቤት!» አሉ።

እናቴ ዘላ አፋቸውን ያዘቻቸው። «ስንዱ! የማታይው ሲጠራሽ አቤት አይባልም! አብደሻል?»

እንዲህ ሲባል ነው ያደግነው። ሲመሽ ስምህን የጠራህን ሳታይ አቤት ካልክ አንድ ነገር መንገድ ያገኛል ይባላል። እትዬ ስንዱ የእናቴን እጅ ከአፋቸው ላይ ቀስ አድርገው አወረዱ። «ልጄ ነው የጠራኝ» አሉ። ሣህኑን አቀረቡ። ወጡ ሲቀዘቅዝ ሁላችንም ቆመን አየነው።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ዳዊቷን በከፈቷት ቁጥር ስሙ ይመጣል። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መፍራት አይሆንልኝም። አንድ ቀን እትዬ ስንዱ ራሳቸው ጠሩኝ። «አንቺ እግርሽ ፈጣን ነው፤ ልብሽም አይፈራም። ይዘሻት ውረጂ። ዘንጎቹ የሚበዙበት እሱ አለ፤ የሚያንሱበት የለም። እንዲህ ነው ያስተማረኝ።»

ገና ሙሉ በሙሉ አልመሸም። ዳዊቷን በሁለት እጄ እንደ ሻማ ይዤ ወጣሁ። ግቢው በር ላይ አየሁ፤ ዘንጎቹ ሙሉ። የጋሽ ሰይድ ደጅ፤ ሙሉ። እንግዲህ ያንሳሉ እያልኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ነጋዴዎቹ ላስቲካቸውን እየጠቀለሉ ነው፤ ካልሲ ሻጩ «አንቺ ልጅ፣ ዳዊት እየደገምሽ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ሙሉ። ራስ መኮንን ድልድይ መሃል ደረስኩ። ከሥሬ ውሃው ይሸታል፣ በግራ በቀኝ ሰው ይጋፋኛል። ስሙ እንደበራ ነው፤ አንድ ዘንግ እንኳ አልጎደለም። ያኔ ገባኝ። ርቄው አላውቅም። ከግቢው ጀምሮ አብሮኝ ሲወርድ ነበር። ስቆም ይቆማል። ዞር ብዬ ከኋላዬ የሚመጡትን ሰዎች ፊት አየሁ፤ አንዱም እሱ አይደለም፤ አንዱም እሱ ላለመሆኑ ደግሞ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዳዊቷን ደረቴ ላይ ለጥፌ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት።

«የት በዛ?» አሉኝ እትዬ ስንዱ።

«የትም አላነሰም። ሁሉም ቦታ ሙሉ ነው።»

ፈገግ አሉ። ያንን ፈገግታ አልወድም ነበር። «አብሮሽ እየሄደ ነዋ!» አሉኝ።

ለረጅም ጊዜ ያንን ድልድይ ብቻዬን አልተሻገርኩም።

በኋላ፣ ስንት ክረምት እንዳለፈ ረስቼዋለሁ፣ አብሮት የሄደ አንድ ልጅ ተመለሰ። ለዕድሩ ሽማግሌዎች የነገራቸውን እኛ ልጆቹ አልሰማንም፤ እናቴ ግን የዚያን ቀን እራት አልበላችም። በነጋታው ገና ጎህ ሳይቀድ ግቢው በሰው ሞላ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ፣ ጎረቤት ሁሉ ደጁ ላይ ተሰብስቦ። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ ዘቅዝቀዋል። የዕድሩ ድንኳን ከጀርባ ግማሹ ተተክሏል። እንዲናገሩ የተመረጡት በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ሰይድ ነበሩ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ስንዱ ሁላችንንም ከዳር እስከ ዳር አዩን። የማይገባው ሰው የለም፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ። ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እትዬ ስንዱ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ሰይድ።»

ገብተው ዳዊቷን ይዘው ወጡ። ከፈቷትና ስክሪኗን ወደ እኛ አዙረው ያዙ። መጀመሪያ ባዶ ነበረች። ትፈልጋለች። ከዚያ ስሙ መጣ፤ ብርሃኑ የጋሽ ሰይድን ጢም ሰማያዊ አደረገው።

«እና ለማን ልታለቅሱ ነው የመጣችሁት?» አሉ።

ያ የተመለሰው ልጅ የሞት ወሬ ይዟል፣ ዳዊቷ ደግሞ ስሙን ይዛለች፤ የትኛውን ትክዳለህ? ጋሽ ሰይድ መርዷቸውን እንደያዙ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ጎረምሶቹ ድንኳኑን ነቀሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ግቢው ውስጥ ኤርሚያስ በሕይወት እንዳለ ሰው አልተወራለትም፣ እንደሞተም አልተለቀሰለትም። እንዲሁ መሃል ላይ ቆመ።

እትዬ ስንዱም አብረውት ቆሙ። ቤት አይቀይሩም፤ ስሙ የሚመጣው እዚህ ነዋ። ጠበል አይሄዱም፣ ክርስትና ቢጠሩ አይሄዱም፣ ሌላ ቤት አያድሩም። እንቅልፍ የሚነሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዳዊቷ ባትሪዋ ጨርሶ ካለቀ የያዘችውን ሁሉ ትረሳለች፤ የዚያን ዘመን ማሽን እንዲያ ነበር። «ከራበች ትረሳኛለች» ብሏቸዋል ኤርሚያስ ራሱ። መብራት ሲጠፋ ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠዋት ጄኔሬተር ወዳለው ኬክ ቤት ይወጣሉ። አንድ ሻይ አዘው፣ ገመዷን ግድግዳው ላይ ሰክተው፣ የታመመ ልጅ እንዳቀፈ ሰው ይቀመጣሉ። አስተናጋጆቹ ተለዋወጡ፣ ሻዩ ብር በብር ላይ ጨመረ፣ እሳቸው አልቀሩም።

እኔ አደግኩ፤ ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚሸጥ ሱቅ ተቀጠርኩ። ፒያሳ የሚፈርሱት ቤቶች ላይ ቀይ ምልክት መቀባት በጀመረበት ሰሞን፣ ሱቅ ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከሞቱት መደርደሪያ አውጥተን ስንሞክር፣ የአንድ ድርጅት ስም ሲጣራ አገኘነው። ድርጅቱ ከተዘጋ ቆይቷል። አለቃዬን «ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት።

«ከራሱ ነዋ! የለመደውን ስም ፈልጎ ሲያጣ፣ ስሙን ራሱ ይለብስና ይጣራል። አሮጌዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ጠሪም እነሱ፣ አቤት ባይም እነሱ።» ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የዚያኑ ቀን እትዬ ስንዱ ቤት ሄጄ ዳዊቷን ልይልዎ አልኳቸው። ውስጧን ስከፍት አገኘሁት። ካላገኘሽ ራስሽ ጥሪ የሚለው ትእዛዝ ላይ ምልክት ተደርጎበታል። በራሱ አይመጣም፤ ሰው በዘንግ ነክቶ ማድረግ አለበት። ምላሱን በጥርሱ ይዞ የጎረጎራት ያ ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ድልድዩም። አብሮኝ የወረደ ማንም አልነበረም፤ የተጣራችው ከገዛ መዳፌ ውስጥ ነበር። ይሄ ግን አላረጋጋኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። የሌለ ሰው በእጄ ላይ ሆኖ ሲጠራ አስቡት።

ሰፈሩ ቶሎ ፈረሰ። አንዱ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ወደዚያ ተበተነ። ጋሽ ሰይድ ሲንጀራቸውን ፒካፕ ላይ ጭነው ሲሄዱ «ስንዱ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ነይ እንሂድ» ቢሏቸው «እናንተ ሂዱ፣ እኔ የምጠብቀው ሰው አለ» አሏቸው። ኬክ ቤቱም ተነሳ። መብራቱ ተቆረጠ፤ ዳዊቷን እኔ ሱቅ ወስጄ እየሞላሁ እመልስላቸው ጀመር። ቁልፍ የተሰጣቸው አዲስ ቤት ሳይከፈት ተቀምጧል። በመጨረሻም «ነገ ማሽን ይገባል፤ ሰው ቢኖርም ባይኖርም» ተባለ።

በተባለው ቀን ላፕቶፕ ከሱቅ ይዤ ሄድኩ። ፀሐዩ ጠንካራ ነበር። ግቢው የለም፤ የሰው ሁሉ መኝታ ቤት ቀለም ተገልጦ ፀሐይ ይሞቃል። መሃል ላይ የእትዬ ስንዱ ቤት ብቻዋን ቆማለች። እሳቸው የበሩ ደፍ ላይ፣ ዳዊቷ ጭናቸው ላይ። ኤክስካቫተሩ ከእኛ ቤት ፍርስራሽ ጀርባ ይጓራል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ከፈለጉ በጥፊ ይበሉኝ» አልኩ። ነገርኳቸው። ማለዘብ አላውቅበትም፤ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ያን ቀን ድልድዩ ላይስ?» አሉ።

«ይዣት ስለነበር ነው። እሷው ናት።»

«ለሽማግሌዎቹም?»

«እሷው ናት።»

«እንዲህ ያደረጋት ማነው?»

«ኤርሚ። ሊሄድ ሲል። ስክሪኑ ባዶ እንዳይሆንብዎ።»

ዳዊቷን በጣታቸው ዳሰሷት። «ስንቅ የሚቋጠረው ለመንገደኛ ነበር» አሉ። «የኔ ልጅ ለቀሪዋ ቋጠረ።» ከዚያ ቀና ብለው «አሳዪኝ» አሉኝ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። በዚያ ባድማ ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር የታየው፤ የእሱ።

«አሁን ያጥፏት። ካለ፣ ስሙ ይቆያል። እሷ ከሆነች ይጠፋል።»

ጣታቸው ቁልፏ ላይ አረፈ። አላዘገዩም። ዳዊቷ ጨለመች። ላፕቶፑ ላይ ስሙ አለ።

«ይኸው!» አሉ፤ ክንዴን ሲይዙኝ ጥፍራቸው ገባ። «ይኸው ጠፍታም አለ! አለ!»

የላፕቶፑ ስክሪን ያየውን ስም ወዲያው እንደማይለቅ፣ ጥቂት ይዞት እንደሚቆይ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ዞሬ ቤቱ ውስጥ አየሁ፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ባዶው መስኮት። ስሙ አሁንም አለ። የማን ትንፋሽ እንደያዘው እንጃ። ሁለታችንም አቀርቅረን እያየነው፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ ጠፋ።

ባዶ ስክሪን።

እትዬ ስንዱ ክንዴን ለቀቁ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ዘቀዘቁት፣ ወገባቸው ላይ አሠሩት። ከዚያ ጮኹ። ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ ፒያሳ ያደገ ሰው ለቅሶ አይቸግረውም። እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። አንዴ ወጥቶ አያበቃም፤ ከኋላው ሌላ አለ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። የቆሙት ግድግዳዎች ተቀብለው መለሱት።

የኤክስካቫተሩ ሞተር ጠፋ። አንድ ጎልማሳ ሹፌር ከላይ ወርዶ በድንጋዩ ላይ እየተንገዳገደ መጣ፤ ሠራተኞቹም አካፋቸውን ጥለው ተከተሉት።

«እናታችን ምን ሆኑ?» አለኝ።

«ልጃቸው ሞቶባቸው ነው።»

ሄልሜቱን አወለቀ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ» አለ ጎንበስ ብሎ። «መቼ ነው ያረፈው?»

ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ ዓመታቱን፣ በረሃውን፣ ማሽኗን። እትዬ ስንዱ ቀደሙኝ።

«አሁን» አሉት። «እዚሁ፣ እጄ ላይ።»

ሰውየው እጃቸው ላይ ያለውን ነገር አየ፣ እኔን አየ። ከፈረሰው ግድግዳ አንድ ብሎኬት ጎትቶ ተቀመጠ፤ የቀሩትም በአቧራው ላይ በዙሪያው ተቀመጡ። በድልድዩ በኩል የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ድምፁን ሰምተው ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ በፍርስራሹ መሃል መጡ። ሰውየው ግንባሩን በእጁ ይዞ አቀርቅሮ ነበር።

«እናቴ» አለ፣ «ስሙን ማን ብዬ ላልቅስለት?»

እትዬ ስንዱ ነገሩት። ሙሉውን፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።